የሃምራ ሲኒማዎችና የእኛ እሑድ

ባለፈው ወር ስብሰባችን ላይ የፊልሙ ነገር ሲነሳ የተባለውን ሁሉ ሰምቼ ዝም ብዬ ወጣሁ። ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም፤ ሰዓቴ ደርሶ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት መግባት አለብኝ፤ ከዶራ ሃምራ ደግሞ ሰርቪስ እስኪገኝ ራሱ ግማሽ ሰዓት ይበላል። መንገዱን ሙሉ በልቤ መልስ ስመልስ ነው የሄድኩት። ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ ያበድኩ ሳይመስለው አልቀረም። ያን ቀን በአፌ ያላልኩትን አሁን በጽሑፍ ልበለው። ትምህርት ያቆምኩት አሥረኛ ክፍል ነው፤ የፊደል ስህተት ካለ አዘጋጆቹ ያርሙልኝ፣ ሐሳቤን ግን እንዳትነኩብኝ።

ላልነበራችሁ እህቶች ነገሩ እንዲህ ነው። አንዷ ልጅ ተነስታ "በወር አንድ እሑድ እዚሁ ክፍላችን ውስጥ አንሶላ ሰቅለን ፊልም ብናይስ?" አለች። ፕሮጀክተሩን የሚያውሰን ሰው አለ፣ ኪራይ የለውም። በቃ ይኼው ነው። እንደዚያ ዓይነት ቁጣ ይነሳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አንዷ "ሳጥናችን ውስጥ ያለው ብር አስከሬን ለመላክ አይበቃም፣ እናንተ ስለ ፊልም ታወራላችሁ" አለች። ሌላዋ "ሲኒማ የሥራ ፈት ነው፤ እኛ ለሥራ ነው የመጣነው" አለች። ኃጢአት ነው ያለችም አለች። መጨረሻ ላይ የተናገሩት፣ በዕድሜም ከሁላችን የሚበልጡት እትዬ፣ "መዳሞቹ ከሰሙ 'እሑድ የምንለቃችሁ ፊልም ልታዩ ነው ወይ?' ይላሉ፤ ያለችንንም እንዳናጣ" አሉ። ቤቱ በዚህ ተስማማ። ጭብጨባም ነበር።

እኔ አልተስማማሁም። ለምን እንደሆነ ለመናገር ግን ስለማስታምማት አሮጊት ማውራት አለብኝ።

ሁላችን እንደምናደርገው ቴታ ነው የምላት። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። በአገሬ ቢሆን አንቱ እላት ነበር፤ በዓረብኛ አንቱ የለም፣ አንቺ እያልኳት ስድስት ዓመት ኖርን፤ ጽሑፉም ላይ እንደዚያው ትሁንልኝ። ሐኪሟ አየር ታግኝ ስላለ ጠዋት ጠዋት በዊልቸር እየገፋሁ ሃምራ መንገድን ከላይ እስከ ታች እወስዳታለሁ። የሃምራን የእግረኛ መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መኪና ይቆምበታል፣ ሞተር ሳይክል ይነዳበታል፣ ሰቆቹ ተነቃቅለዋል። አንዳንዱ ቦታ ላይ ወንበሩን ወደ ኋላ አዙሬ ነው የምጎትተው።

ቴታ ቁርስ መብላቷን አታስታውስም። የእኔን ስም ትረሳና ከኔ በፊት በነበረችው በስሪላንካዊቷ ስም ትጠራኛለች። ሲኒማዎቹን ግን አንድም አትስትም። "እዚህ ጋ አቁሚ" ትለኛለች። እኔ የማየው የልብስ መደብር ነው። እሷ የምታየው ኤልዶራዶን ነው። ትንሽ እንሄዳለን፤ "ስትራንድ" ትላለች። ስሙ ለሕንጻው ቀርቷል፣ ሥሩ ሱቅ ነው። ሲኒማ ሃምራ የነበረበትን ታሳየኛለች። ሳሮላ ጋ ስንደርስ ሁልጊዜ ትስቃለች፤ ለምን እንደምትስቅ ነግራኝ አታውቅም። ሳሮላ አሁን ቲያትር ነው፤ ኒዳል አሽቃር የምትባል ታዋቂ ተዋናይት አልመዲና ቲያትሯን እዚያ አድርጋዋለች፤ ስለዚህ ቢያንስ እሱ ጫማ መሸጫ ከመሆን ድኗል። ፒካዲሊ ደግሞ ገባ ብሎ በጎን መንገድ ላይ ነው። እዚያ ፌይሩዝ ዘፍናለች፣ የረሕባኒ ወንድማማቾች የሙዚቃ ድራማዎች ታይተውበታል። ቴታ ከባሏ ጋር ገብታ አይታታለች። ያ ቤት ጦርነቱን ሁሉ አልፎ በ2000 በእሳት ነደደ (ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ የአገራችን ሲሆን እነግራችኋለሁ)። ፒካዲሊ ጋ ስንደርስ ቴታ አትናገርም። እኔም አልናገርም፤ ወንበሩን አዙሬ እመልሳታለሁ።

ከቴታና ከልጇ ሰምቼ የተረዳሁትን ልንገራችሁ፤ ይጠቅመናል። ድሮ የቤይሩት ሲኒማዎች በብዛት የነበሩት መሃል ከተማ፣ ቡርጅ በሚሉት በሰማዕታት አደባባይ ዙሪያ ነው። ከ1950ዎቹ በኋላ ሃምራ ሲያድግ ሲኒማውም ካፌውም ወደዚህ መጣ። ከ1975 እስከ 1990 ጦርነት ሆነ። መሃል ከተማው የጦር ሜዳ ስለነበር የዚያ ሲኒማዎች እንደወጡ ቀሩ። የሃምራዎቹ ግን በጥይት ብቻ አልሞቱም። ጦርነቱ መሃል ላይ እንኳ ፊልም የሚያሳዩ ነበሩ። ገደላቸው የተባለው ሌላ ነው፤ መጀመሪያ የቪዲዮ ካሴት መጣ፣ ከዚያ ሳተላይት ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ደግሞ ባለ ብዙ አዳራሽ ሲኒማ ያላቸው ትልልቅ ሞሎች። የመሬትና የኪራይ ዋጋ ሲወደድ አንድ ትልቅ አዳራሽ ለፊልም ከመተው ከፋፍሎ ለሱቅ ማከራየት ይሻላል ተባለ። እንግዲህ ቦምብ ያልጣለውን ኪራይ ጣለው።

ከዶራ ስትመጡ ሰርቪሱ በመሃል ከተማው ካለፈ በመስኮት የምታዩት፣ የተቀደደ እንቁላል የሚመስል ግራጫ ኮንክሪት አለ። "ኤል በይዳ" ነው የሚሉት፣ እንቁላሉ ማለት ነው። እሱም ሲኒማ ነው። ጆሴፍ ፊሊፕ ካራም የሚባል አርክቴክት በ1960ዎቹ የሠራው ነው፤ የገበያ ማዕከሉ ሳያልቅ ጦርነቱ ደረሰ። በጥቅምት 2019 ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣ ወጣቶች ገብተውበት ነበር። እኔ ያኔ ከመጣሁ ገና ወራት ነው፤ ቴሌቪዥን ላይ ሳየው መጠለያ ዋሻ ነበር የመሰለኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የኔ መዳም የቴታ ልጅ ናት። ስልኳ ላይ የድሮ ሃምራ ፎቶ ሲመጣላት "ያ ሐራም፣ ያ ሐራም" ትላለች፣ አንዳንዴ ዓይኗ እንባ ይሞላል። ወርቃማው ዘመን ነው የምትለው። እንግዳ ሲመጣ ስለ ሲኒማ ነው ወሬው፤ ቡናውን አቅርቤ ቆሜ እሰማለሁ። አንድ ቀን ልጆቿ "ሲኒማ ለምን ያስፈልጋል፣ ሁሉም ስልክ ላይ አለ" ሲሏት ተቆጣች። "ሲኒማ ማለት ከቤት መውጣት ነው፣ ከሰው ጋር ጨለማ ውስጥ መቀመጥ ነው፣ ስልክና ቴሌቪዥን እሱን አይሰጥም" አለቻቸው። በደንብ ነው የተናገረችው። እኔ ከዚያ የተሻለ መናገር አልችልም።

በዚያው ሳምንት እሑድ ልውጣ ብዬ ጠየቅኳት። "ለምን መውጣት ፈለግሽ? ክፍልሽ ውስጥ ቴሌቪዥን አለ" አለችኝ።

ክፍልሽ ያለችው በረንዳው ላይ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ ያለውን ነው።

ታዲያ አንድ ጠዋት ኤልዶራዶ ጋ ቆመን ቴታን ጠየቅኳት። "እናንተ ሲኒማ ስትገቡ ልጆቹን ማን ይይዝ ነበር?" አልኳት። አላሰበችበትም፣ ወዲያው "ልጅቱ ነቻ" አለች። የትኛዋ ልጅ? ከአካር የመጣች የገጠር ልጅ ነበረች። ሲያመጧት አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ደመወዟን አባቷ በዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ ይወስዳል። ቴታ ፊልም አይታ በነጋታው ልጅቱ ልብስ ስትተኩስ ታሪኩን ትነግራታለች፤ ልጅቱ ካውያውን አቁማ "መጨረሻው ምን ሆነ?" ትላት ነበር። አንዴ ካውያውን ሸሚዝ ላይ ረስታ አቃጥላለች፣ ፋተን ሐማማ የምትሠራበት የግብፅ ፊልም ሲወራላት። ቴታ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነው። "እሷስ ሲኒማ ገብታ ታውቃለች?" አልኳት። "ማን ይወስዳታል?" አለችኝ።

በሚቀጥለው ቀን ደግሜ ጠየቅኳት፤ ትናንት መጠየቄን ረስታዋለች። ያንኑ መለሰችልኝ፣ "ማን ይወስዳታል?"

እህቶቼ፣ ወርቃማ የሚሉት ዘመን ይኼ ነው። የዚህ አገር ሰው ኋላ ላይ የራሱን የገጠር ልጆች፣ ሶርያውያንን፣ ግብፃውያንን ትቶ ስሪላንካውያንን አመጣ፤ እስከዛሬ ድረስ ከየትም ብትመጪ "ስሪላንኪየ" የሚሉሽ ለዚያ ነው። ከዚያ ፊሊፒኖ፣ ከዚያ እኛ። የሰው አገሩ ተቀያየረ እንጂ ቦታው አልተቀየረም፤ ያቺ ካውያ ይዛ "መጨረሻው ምን ሆነ?" የምትለዋ ቦታ። አሁን ሃምራ ላይ ስለጠፉት ሲኒማዎች መጽሐፍ ይጻፋል፣ የፎቶ ኤግዚቢሽን ይደረጋል። ልክ ነው፣ ይጻፍ። እኔ ቴታን ስገፋ ውዬ ሲኒማዎቹን ከልጅ ልጆቿ በላይ አውቃቸዋለሁ፣ በጠፉትም አዝናለሁ። ግን ከነዚያ ሁሉ ወንበሮች አንዱም ላይ ያልተቀመጠችውን ልጅ ማንም ጠፋች ብሎ አይጽፋትም። የተቀመጠ ነው ጠፋ የሚባለው።

"ሲኒማ የሥራ ፈት ነው" ላለችው እህቴ ደግሞ ይኼን ልበላት። እኔን ሲኒማ ነው ያሳደገኝ። የሚያስቅ ይመስላል፣ ግን እውነቴን ነው። ፒያሳ ነው የተወለድኩት፣ ዶሮ ማነቂያ። እናቴ ሲኒማ ኢትዮጵያ በር ላይ ቆሎ ትሸጥ ነበር፤ ገብስ በሱፍ፣ ለውዝ፣ ማስቲካ፣ ሶፍት። የአማርኛ ፊልም ብቅ ብሎ ሰው መሰለፍ የጀመረበት ጊዜ ነበር። ሰልፉ ሲረዝም እኛ ቤት ወጥ ይወፍራል። ፊልሙ ካላማረ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሰልፍ የለም፣ እናቴ ቆሎውን ይዛ ትመለሳለች። የትኛው ፊልም ጥሩ እንደሆነ አንድም ቀን ሳትገባ ታውቅ ነበር፤ የሚወጣውን ሰው ፊት አይታ። አሳዛኝ ፊልም ሶፍት ያሸጣል ትላለች። የኔ ደብተርና ዩኒፎርም የተገዛው በዚያ ነው። ስለዚህ ሲኒማ ቤት ሲዘጋ ሥራ ፈቱ ብቻ አይደለም የሚጎዳው። በሩ ላይ ያለችው ሴትም አለች።

እኔ ራሴ ፊልም የማየው ግን እዚያ አልነበረም፣ ሰፈር ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነው። አዲስ አበባ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ይቆማል፣ በጠመኔ የዕለቱ ፊልም ይጻፋል፤ የፊልሙ ስም ሳይሆን የአክተሩ ስም ነው የሚጻፈው፣ "ቫንዳም"፣ "ጄት ሊ"፣ "ሻሩክ ካን (አዲስ)"። አዲስ የተባለው ያንኑ የባለፈውን ሳምንት ሊሆን ይችላል። ውስጡ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ መስኮቱ በጆንያ የተሸፈነ፣ የላብና የጫማ ሽታ። አንድ ብር ነበር። ሴት ልጅ አትገባም፤ ሕግ ሆኖ ሳይሆን ስም ይወጣልሻል። እኔ በወንድሜ ኮፍያ ፀጉሬን ሸፍኜ ሦስት ጊዜ ገብቻለሁ። በሦስተኛው ጎረቤት አይታኝ ለእናቴ ነገረች፣ በቁና ተሰፈረልኝ። ስትገርፈኝ ግን መሃል ላይ አቁማ "ምን ነበር ፊልሙ?" ብላኛለች። የሕንድ ነው አልኳት። ነገርኳት። መጨረሻው ላይ እሷም አለቀሰች፣ እኔ በዱላው እሷ በፊልሙ።

ኃጢአት ነው ላለችው እህትም አለኝ። ይኼ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ሲኒማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት፣ በምኒልክ ዘመን ማለት ነው፣ ሕዝቡ "ሰይጣን ቤት" ብሎት ነበር። ግድግዳ ላይ ሰው ሲንቀሳቀስ አይተው ፈርተው ነው። ያ ስም እስከዛሬ ይወራል። ቅድመ አያቶቻችን አላወቁም፣ ልንፈርድባቸው አንችልም። እኛ ግን ቀኑን ሙሉ ቲክቶክ ላይ አጎንብሰን ውለን አንሶላ ላይ ሲሆን ሰይጣን ነው ማለት አያምርብንም። ምን ዓይነት ፊልም እንደሚታይ አብረን እንምረጥ፤ እሱ ላይ ብትከራከሩኝ እስማማለሁ።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። እሪ በከንቱም፣ ሠራተኛ ሰፈርም። እኔ እዚህ ቴታን እያበላሁ ነው የሰማሁት። ወንድሜ በስልክ ቪዲዮ ላከልኝ፤ አቧራ ነው የሚታየው፣ የቱ ቤታችን እንደነበር ለማወቅ ሦስት ጊዜ አየሁት። ቪዲዮ ቤቱም አብሮ ሄደ፤ እርግጥ ከዚያ በፊትም ፑል ቤት ሆኗል። አሁን እናቴ ከከተማው ዳር ናት። ቤቱ ውሃ አለው፣ የራሳቸው መጸዳጃ አለ፣ ይኼን አልክድም፤ ድሮ ለአሥራ አንድ ቤተሰብ አንድ ነበር። አንዳንዶቻችሁ "ያ ሰፈር መፍረሱ ጥሩ ነው" ብላችሁኛል፤ ስለ መጸዳጃው ከሆነ እሺ። ግን እናቴ "እዚህ የሚሰለፍ ሰው የለም" አለችኝ። ቆሎ የሚገዛ ሰው የሚጠብቅ ሰው ነው። ሁሉም ከአውቶቡስ ወርዶ ቤቱ የሚገባበት ቦታ ላይ ቆሎ አይሸጥም። አሁን የምልከው ብር ላይ ነው ያለችው።

ያን ቪዲዮ ካየሁ በኋላ ጠዋት ቴታን ስገፋ "እዚህ ጋ አቁሚ" ስትለኝ አልነጫነጭም። በፊት ጥርሴን ነክሼ ነበር የማቆመው። የኔን ቪዲዮ ቤት ግን የሚያሳይ አንድም ፎቶ የለም። ማን ያነሳዋል?

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ስለ አስከሬኑ የተናገረችው እህት ልክ ናት። በ2024 ቦምብ ሲወርድ ቤት ተቆልፎባቸው ተጥለው የወጡ ልጆች፣ መጠለያ ሲሄዱ "ለሊባኖሳውያን ብቻ ነው" ተብለው ባሕር ዳር የተኙ ልጆች ነበሩን፤ ሳጥናችን በምን እንደተራቆተ ሁላችን እናውቃለን። ፊልሙ ከሳጥኑ አንድ ዶላር ቢነካ እኔ ራሴ እቃወማለሁ። ግን አይነካም። ማሽኑ ውሰት ነው፣ አንሶላው የኛው ነው። ፊልሙ የሚፈልገው ብር ሳይሆን እሑድን ነው። እንዲያውም ሁሉም ጭቅጭቅ የመጣው ከዚያ ይመስለኛል፤ የሌለንን ነገር ስለጠየቀችን ነው ልጅቱ ላይ የተቆጣነው።

እትዬ፣ በጣም አከብርዎታለሁ፣ እኔ ስመጣ በመጀመሪያው ክረምት የራስዎን ጃኬት የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ግን "መዳሞቹ ምን ይላሉ" ያሉት ላይ አልተኛሁም። እሑድ እነሱ የሚለቁልን ስጦታ ነው ወይ? የዚህ አገር የሥራ ሕግ በ1946 ሲወጣ አንቀጽ 7 ላይ የቤት ሠራተኛን አውጥቶ ጥሏታል፤ ይኼን በስልጠናው ሰምተናል። በ2009 ግን አንድ ዓይነት ኮንትራት ወጣ፤ ኖተር ቤት በዓረብኛ ሰጥተውን ሳናነብ የፈረምነው እሱ ነው። እሱ ላይ በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ተከታታይ ዕረፍት አለ። ቀጥሎ ግን ዕረፍቱ እንዴት እንደሚሆን ሁለቱ ወገኖች ይስማሙ ይላል። ሁለቱ ወገኖች! አንዷ ወገን ፓስፖርቱን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋለች፣ ሌላዋ ወገን ወለል ታጸዳለች፣ ይስማሙ። መዳሜ ያ ቃል ላይ ነው የምትቆመው፤ "ዕረፍት ሰጥቼሻለሁ፣ ቤት ውስጥ ዕረፊ" ትላለች። በቤት ውስጥ ያለች ሠራተኛ ዕረፍት ላይ መሆኗን የሚያምን ሰው አላየሁም። አንድ ውሃ ስጪኝ፣ በሩን ክፈቺ፣ ቴታን ገልብጫት። በ2020 መስከረም ላይ የተሻለ ኮንትራት ወጥቶ ነበር፤ የአጀንሲ ባለቤቶች ከሰሱ፣ ፍርድ ቤቱ ጥቅምት ላይ አገደው። ሁለት ወር አልሞላውም። ስለዚህ ያለችን ያቺ የ2009ኟ መስመር ናት። ትንሽ ናት፣ ግን የኛ ናት።

እኛ ደግሞ ያቺን መስመር በውሸት ነው የያዝናት። ሁላችንም "ቤተ ክርስቲያን ነው የምሄደው" ብለን ነው የምንወጣው። ለምን? መዳም ጸሎት ስለምትፈራ። አንዲት የወሎ እህታችን ሙስሊም ናት፣ ረመዳን የምትጾም፣ እሷም እሑድ የምትወጣው "ቤተ ክርስቲያን" ብላ ነው፤ መዳሟ ሐበሻ ሁሉ ክርስቲያን ይመስላታል። ስቀንባታል፣ ግን አያስቅም። እኔም ዋሽቻለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ቤተ ክርስቲያን ብዬ ወጥቼ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ሞል ውስጥ ሲኒማ ገባን። በሩ ላይ ጥበቃው "መዳማችሁ የት አለች?" አለን። ልጆች ይዘን የመጣን መስሎት ነው። ቲኬታችንን አሳየነው፤ ሁለት ጊዜ አገላብጦ አየው። ፊልሙ እንግሊዝኛ ነው፣ ከሥር ዓረብኛና ፈረንሳይኛ ይጻፋል፤ ሩቡን ብረዳ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ደግሞ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጓደኛዬ "በብርሽ ተኛሽ" ብላ እስካሁን ትስቅብኛለች። ይሳቅ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንም አልጠራኝም። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ስሜ ወይም "ያ ቢንት" ሳይጠራ ሁለት ሰዓት ያለፈበት ሌላ ቀን አላስታውስም፣ ሌሊቱን ጨምሮ፤ ቴታ ሌሊትም ትጣራለች።

ስለዚህ "ለፊልም እሑድ እንዴት ይጠየቃል?" ስትሉኝ እንዲህ እላለሁ። ለቤተ ክርስቲያን ብቻ፣ ለሐኪም ቤት ብቻ፣ ብር ለመላክ ብቻ ከተጠየቀ እሑድ አይደለም፤ ፈቃድ ነው። ለምን እንደምትወጪ የሚጠየቅበት ዕረፍት ዕረፍት አይባልም። መዳም ካፌ ስትሄድ ለማን ታስፈቅዳለች? የዛሬ ስልሳ ዓመት ቴታ ኤልዶራዶ ስትገባ ከአካሯ ልጅ ፈቃድ ጠይቃለች?

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፣ ብዙዎቻችሁ ላትሰሙ ትችላላችሁ። ቃሲም ኢስታንቡሊ የሚባል ተዋናይ አለ፤ የደቡብ ሰው ነው፣ ከሱር። የተዘጉ ሲኒማዎችን እየከፈተ ነው። ሱር ላይ ሲኒማ ሃምራንና ሪቮሊን፣ ትሪፖሊ ላይ ኢምፓየርን ከጓደኞቹ ጋር አጽድቶ ከፈተ፤ አሁን ደግሞ እዚሁ እኛ ሃምራ ላይ ኮሊዜን። መግቢያው በነጻ ነው። በነጻ! ሰምቼ ለቴታ ስነግራት "ኮሊዜ? እንሂዳ" አለች፣ ቦርሳዬን አምጪ ብላ ፀጉሯን ማበጠር ጀመረች። ለመዳም "ቴታ ኮሊዜ መሄድ ትፈልጋለች፣ እወስዳታለሁ" አልኳት። ደስ አላት። "ውሰጃት" አለች። ከዚያ አሰበችና "አንቺ ውጭ ትጠብቂያታለሽ" አለች።

አልተቆጣሁም፣ ያን ቀን። ቴታ ጨለማ ውስጥ ብቻዋን ከተቀመጠች ትጮኻለች አልኳት፣ እውነትም ነው። እስካሁን ቀኑ አልተቆረጠም፤ ስንሄድ እጽፍላችኋለሁ።

የኛው ፊልም ግን የመዳምን ቀጠሮ አይጠብቅም። በሚቀጥለው ስብሰባ እንደገና አነሳዋለሁ፣ ድምፅ ይሰጥበት። ማሽኑን የሚያውሰን ሰው ከወሩ ሁለተኛው እሑድ ይመቸዋል። አንሶላ ነጭ ያላት ታምጣ፣ አበባ ያለበት አይሆንም። ስልክ ይዘጋል፣ አንድ ልጅ ብቻ በር ላይ ክፍት አድርጋ ትቀመጥ፣ መዳም የደወለባት ትጠራ። መጀመሪያ የአማርኛ ፊልም ይሁን፣ ሁላችን ሙሉውን እንድንረዳው፤ ኦሮምኛ የሚቀልላቸው እህቶች ደግሞ ቀጣዩን ይምረጡ። እኔ ለመዳም ቤተ ክርስቲያን አልላትም፣ ፊልም ነው የምላት፤ ካስቀረችኝ ያኔ ለማኅበሩ አመልክታለሁ፣ የ2009ኟን መስመርም አብራችሁኝ ታነቡላታላችሁ። እትዬ፣ እርስዎ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጡት፣ ቦታ እይዝልዎታለሁ። ቆሎውን እኔ አመጣለሁ፤ ገብሱ አለኝ፣ ሱፍ ያላት ትንገረኝ።